ለትዕግሥት ልጅ የሰፋሁት ብርድ ልብስ

አራስ መጠየቅ ካቆምኩ ሦስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እህቴ ስትወልድ "ጉንፋን ይዞኛል፣ ሕፃኗን አሲዛታለሁ" ብዬ ቀረሁ። የአከራያችን ምራት ስትወልድ የገንፎ ዱቄትና ቅቤ አዘጋጅቼ በባለቤቴ በጀማል እጅ ላኩ። ምስኪን፣ "ሴቶቹ መሃል ገብቼ ምን እላለሁ?" እያለ እየተሳቀቀ ያደርስልኝ ነበር። አንድም ቀን "ለምን አንቺ አትሄጂም?" ብሎኝ አያውቅም። ምክንያቴን ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

እኔም ወልጄ ነበር። ወንድ ልጅ፣ ዘጠኝ ወሩን የሞላ። ምጡ ሁለት ቀን ፈጅቶብኝ፣ ደም ፈሶኝ፣ ራሴን ስቼ ነበር። ስነቃ ልጄ ተወልዶ፣ አንድ ቀን ኖሮ፣ ሞቶ፣ ተቀብሯል። አላየሁትም። አላቀፍኩትም። "አለማየትሽ ይሻላል፣ ቶሎ ትረሺዋለሽ" አሉኝ ትልልቆቹ። ለደግ ብለው ነው። "ገና ወጣት ነሽ፣ አላህ ሌላ ይሰጥሻል" ያላለኝም የለም። እኔ የፈለግኩት ግን ሌላ አልነበረም፤ እሱን ነበር።

ያን ጊዜ የምሠራው መርካቶ፣ ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለች የጋሼ ኑሩ ልብስ ስፌት ቤት ነው። ጋሼ ኑሩ እንደ አባቴ የወሎ ወረባቦ ሰው ናቸው፤ አሥረኛ ክፍል እንደጨረስኩ የስፌት መኪና ላይ ያስቀመጡኝም፣ ክር መሳብ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። እሳቸው ኮት ይሰፋሉ፣ እኔ የተማሪ ዩኒፎርም። ከእኛ ፊት ለፊት፣ እጅ ቢዘረጉ በሚደረስባት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ትዕግሥት ክር፣ ቁልፍና ዚፕ ትሸጣለች።

ስድስት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠናል። በረመዳን ምሳዋን ከመደርደሪያዋ ጀርባ ተደብቃ ነበር የምትበላው፤ "አንቺ ፊት እንዴት አላምጣለሁ?" እያለች። እኔም በሁዳዴ ሥጋ ቋጥሬ መጥቼ አላውቅም። ልጄን ሳጣ ሥራ እስክመለስ ድረስ መኪናዬን በየሳምንቱ እየመጣች ትወለውልልኝ የነበረችው እሷ ናት።

ታዲያ ትዕግሥት አረገዘች። "እንኳን ደስ አለሽ" ብዬ አቀፍኳት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ወንበሬን ዞር አድርጌ ጀርባዬን ለሱቋ ሰጥቼ መስፋት ጀመርኩ። ለጋሼ ኑሩ "ብርሃኑ በዚህ በኩል ይሻለኛል" አልኳቸው። ምሳም አብረን መብላት ተውን፤ እኔ "ዩኒፎርሙ ደርሶብኛል" እያልኩ።

ስድስተኛ ወሯ ላይ ቦርሳ ይዛ ተሻገረች።

"ሰዓድዬ፣ እስቲ ይችን እዪልኝ" አለችና ስልኳን ፊቴ ደቀነች። አንዲት ሴት አራት ጨርቅ ትደራርባለች። ዳር እስከ ዳር፣ በጣት ስፋት ልዩነት፣ በሰያፍ መስመር ትሰፋቸዋለች። ከዚያ በመስመሮቹ መሃል የላይኞቹን ሦስቱን ጨርቆች ትቆርጥና የታችኛውን ብቻ ሳይነካ ትተወዋለች። ሲታጠብ የተቆረጠው ጠርዝ ሁሉ ፈካ ብሎ እንደ ጫጩት ላባ ይነሳል።

"ሼኒል ይሉታል" አለችኝ። "ሱቅ ያለው ፕላስቲክ ነው፣ ሕፃን ያልባል። ይሄ ግን ጥጥ ነው፤ ጨርቁን ራሴ መርጬ ገዛሁት። ነጭ፣ ቢጫ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ፣ ለታቹ ደግሞ ይሄ ወፍ ወፍ ያለበት። አንቺ እንድትሰፊልኝ ነው የምፈልገው።"

"እሺ" አልኳት ከመኪናዬ ቀና ሳልል። "ይሄን ዩኒፎርም ልጨርስና።"

ቦርሳውን ጠረጴዛዬ ሥር ከተትኩት። ከወር በላይ እዚያው ከረመ። ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። ሦስተኛ አልጠየቀችም።

አንድ ማክሰኞ የትዕግሥት ሱቅ ሳይከፈት ዋለ። እውነቱን ልናገርና፣ እፎይ አልኩ። ረቡዕ ጠዋት ስመጣ ጋሼ ኑሩ ኮቱን ከፊታቸው አስቀምጠው፣ ሳይሰፉ ቁጭ ብለው አገኘኋቸው።

"ትዕግሥት ሆስፒታል ናት" አሉኝ። "ባሏ አሁን ከጋላፊ፣ ከጅቡቲ ድንበር ደውሎልኝ ነው። ከትላንት ወዲያ ማታ ደም ግፊቷ ወጥቶ ወድቃ፣ አከራይዋ ናቸው ያደረሷት። በኦፕራሲዮን አወጡላት። ሴት ልጅ ናት። ሰባት ወሯ ነው፤ ማሞቂያ ክፍል አስገብተዋታል።"

"ትዕግሥትስ?"

"አልነቃችም ነው ያለኝ። ወይ ነቅታ ትደነግዛለች፣ እንጃ፣ መስመሩ ይቆራረጣል። እሱ የሚነዳውን ከባድ መኪና በረሃ ጥሎ አይመጣ፤ እናትየዋም ከደብረ ማርቆስ ገና መነሳታቸው ነው። አከራይዋ አሮጊት ናቸው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "አንቺ አትሄጂም?"

"ዩኒፎርሙ..." አልኩ።

ጋሼ ኑሩ ተነሱ። ከፊቴ ያለውን የዩኒፎርም ክምር ታቅፈው ወስደው የራሳቸው ጠረጴዛ ላይ ዘረገፉት። "ዩኒፎርሙን እኔ እሰፋለሁ" አሉ።

ምንም ሰበብ አልቀረኝም። ጎንበስ ብዬ ከጠረጴዛው ሥር ቦርሳውን አወጣሁ። "ብርድ ልብሷን ልስፋላትና እሄዳለሁ" አልኳቸው። ልብ በሉልኝ፤ ያን ብርድ ልብስ የጀመርኩት ለመሄድ ሳይሆን ላለመሄድ ነው።

አራቱን ጨርቅ አስተካክዬ ደራረብኩ። በጠመኔ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰያፍ መስመር አሰመርኩ። ጨርቆቹ አንዱ ባንዱ ላይ እየተንሸራተቱ አስቸገሩኝ፤ በስፒል ወጋግቼ ያዝኳቸው። ከዚያ መስፋት። አንድ መስመር፣ ማዞር፣ ሌላ መስመር፣ ማዞር። ምሳ አልበላሁም። ጋሼ ኑሩ ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ ግማሹን ደርሼ ነበር፤ ለዐስር ሶላት ሲሄዱ ስፌቱ አለቀ።

የቀረው መቁረጡ ነበር። የመቀሱን የታች ምላጭ በሦስቱ ጨርቆች ሥር፣ ከወፎቹ በላይ አሾልኮ ማስገባትና በቀስታ መግፋት ነው። እጅ የሚዳስሰውን ዓይን አያይም። የመጀመሪያዎቹን መስመሮች ትንፋሼን ይዤ ቆረጥኩ። እየለመድኩት ስመጣ ፈጠንኩ። መሃል አካባቢ መቀሱ ትንሽ እምቢ ሲለኝ ጫን አልኩት፤ ቀጨም ብሎ ገባ። ገልብጬ ሳየው የታችኛው ጨርቅ የጣቴን ያህል ተቀዷል። ወፏን ለሁለት ከፍያታለሁ።

መቀሱን ወረወርኩና አለቀስኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም። ያን ቀን ግን በመንገዱ የሚያልፈው ተሸካሚ ሁሉ እየቆመ እስኪያየኝ ድረስ አለቀስኩ። "አበላሸሁት! ለልጅ የሚሆን ነገር እኔ እጅ ገብቶ አይበረክትም!" እያልኩ።

ጋሼ ኑሩ ብርድ ልብሱን አነሱት። ቀዳዳው ውስጥ ጣታቸውን አሾልከው አዩት።

"ይሄ ነው? ጨርቅ እኮ ነው ሰዓዳ። ጨርቅ አይደል እንዴ ሥራችን?" ለሙሽራ ከሚሰፉት ኮት ከተረፈ ገበር ሰማያዊ ቁራጭ አወጡ። ሐር የመሰለ፣ የሚያብረቀርቅ። እንደ ቅጠል አድርገው ቆረጡትና ቀዳዳው ላይ ደርበው በእጃቸው መጥቀም ጀመሩ። ዓይናቸውን ከመርፌው ሳያነሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገሩ።

"ልጅሽን እኔ ነኝ መቃብር ውስጥ ያስተኛሁት።"

ልቅሶዬ ቆመ። 

"ጀማል መቃብሩ ውስጥ መውረድ አቃተው። ስለዚህ ወርጄ ተቀበልኩት። በቀኝ ጎኑ አስተኝቼ ፊቱን ወደ ቂብላ መለስኩት። ትጠይቂኛለሽ ብዬ ሦስት ዓመት ጠበቅኩ።"

"ምን ይመስል ነበር?" አልኳቸው።

"ፀጉራም ነበር። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ግንባሩ ድረስ የወረደ። አገጩ ቁርጥ የጀማል። ጣቶቹ ግን ረዣዥም፣ የአንቺ። ለስፌት የተፈጠሩ ጣቶች ናቸው ብዬ ለራሴ አስቤ ነበር።" ክሩን በጥርሳቸው በጠሱት። "ቆንጆ ልጅ ነበር። ደብቀንሽ ከሆነ በደልንሽ። አፉ በይን።"

መቀሱን ከወደቀበት አንስቼ የቀሩትን መስመሮች አንድ በአንድ፣ ሳልቸኩል ቆረጥኩ።

አመሻሹ ላይ ቤት ወስጄ በሙቅ ውኃ አጠብኩት። በነጋታው ጠዋት ጀማል ግቢ ውስጥ እያራገፈ ሳገኘው ጢሙም፣ ሹራቡም በነጭና በቢጫ ብናኝ ተሸፍኖ የጥጥ ነጋዴ መስሏል። ብርድ ልብሱ ፈክቷል። መዳፌን ሳስገባበት ጣቶቼ ጠፉብኝ።

ጀማል "ላድርስልሽ?" አለኝ። እንደ ልማዳችን።

"አይ" አልኩት። "ዛሬስ ራሴ እሄዳለሁ።"

ሆስፒታል ስደርስ ትዕግሥት ያለችበት ክፍል ጠያቂ አያስገባም። ነቅታለች፣ ግን ግፊቷ አልወረደም፣ ሰው እንዳታናግር ተብሏል አሉኝ። ወደ ሕፃናቱ ክፍል ሄድኩ። በሩ ላይ አንዲት ቀጭን ሲስተር አስቆመችኝ።

"ምኗ ነሽ?"

"እህቷ" አልኩ። ከአፌ እንዲሁ ነው የወጣው። 

ሒጃቤን አየች፣ የሕፃኗ ካርድ ላይ ያለውን የትዕግሥትን ስም አየች፣ እህት ብላ መዘገበችኝ። ብርድ ልብሱን ግን ገና ስዘረጋው እጇን አነሳች። "በጣም ያምራል። አንቺ ነሽ የሠራሽው? እዚህ ግን አይገባም። ብናኙ ለሳንባቸው ጥሩ አይደለም። ቤት ስትገባ ትለብሰዋለች።"

ያን ሁሉ ሰፍቼ፣ አጥቤ! ይሁን እንጂ ውስጤ ውስጥ የሆነ ነገር ደግሞ ቀለለኝ፤ አድርሻለሁ፣ አልተቀበሉኝም፣ አሁን መሄድ እችላለሁ። ብርድ ልብሱን አጥፌ ዞር ስል ሲስተሯ፣ "ቆይ" አለችኝ። "ሳል፣ ጉንፋን፣ ትኩሳት አለብሽ?"

"የለብኝም።"

"እናቷ ዛሬ ከአልጋ አትነሳም፣ ነገም እንጃ፤ አያቷም ትላንት ማታ ሳል ይዟቸው ስለመጡ አላስገባኋቸውም። ልጅቷ አንድ ኪሎ ከስድስት መቶ ናት፤ በጣም ጎበዝ ናት፣ ግን ሙቀት አትይዝም። ማሞቂያውን ደግሞ ከእሷ የባሱ እየጠበቁት ነው። ደረቱ ላይ አድርጎ የሚያሞቃት ሰው እፈልጋለሁ። ገላ ለገላ። እናት ካልቻለች አክስትም፣ አያትም ይችላል።"

"እኔ... ልጅ ይዤ አላውቅም።"

"ወልደሽ አታውቂም?"

"ወልጃለሁ" አልኩ።

ፊቴን ለአፍታ አየችና ድምፅዋን አለዘበች። "መያዝ አውቆ የተወለደ ሰው የለም። አሳይሻለሁ። ካልቻልሽ ደግሞ አላስገድድሽም።"

ኮሪደሩ ላይ ቆምኩ። መውጫው በስተግራዬ ነበር፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። እግሬ ወደዚያ ሊሄድ እንደፈለገ ዛሬም ድረስ ይታወቀኛል። የጋሼ ኑሩ ድምፅ ግን ጆሮዬ ውስጥ ነበር፤ ወርጄ ተቀበልኩት ያሉት። እሳቸው ያን ከቻሉ፣ እኔ በሕይወት ያለችውን መቀበል እንዴት ያቅተኛል?

"የት ልታጠብ?" አልኳት።

ሴቶች ብቻ ያሉበት ክፍል ነው። ከፊት የሚከፈት ጋውን አለበሱኝና ወደ ኋላ ጋደል ያለ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ሲስተሯ በሁለት እጇ የሆነች ነገር ይዛ መጣች። ኮፍያና የሽንት ጨርቅ ብቻ ያደረገች፣ ቀላ ያለች፣ ቆዳዋ እንደ ጽጌረዳ ቅጠል የሳሳ። ደረቴ ላይ በሆዷ አስተኝታ፣ እግሯን እንደ እንቁራሪት አጥፋ፣ በጨርቅ ከእኔ ጋር አጥብቃ አሰረቻት።

ክብደት የላትም። ሙቀት ግን አላት። ጆሮዋ ልቤ ላይ ነበር።

"አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትደነግጪ" አለችኝ ሲስተሯ። "ቶሎ የተወለዱ ልጆች አንዳንዴ መተንፈስ ይረሳሉ። ስትረሳ ውስጥ እግሯን ነካ ነካ አድርጊያት። ታስታውሳለች። ካላስታወሰች ጥሪኝ።"

እንዴት አልደነግጥ! ዓይኔን ከጀርባዋ ሳልነቅል ትንፋሿን መቁጠር ያዝኩ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። አንድ ሰዓት ያህል እንደዚህ ሄደ። ከዚያ ጀርባዋ ወደ ታች ወረደ፣ አልተመለሰም።

ጠበቅኩ። ምንም የለም። ከንፈሯ ዙሪያ ጠቆር አለ። የማውቀው ዱዓ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። "ሲስተር!" ልል አፌን ስከፍት ጣቴ ቀደመኝ፤ እግሯን አገኘና ውስጥ እግሯን ጫር አደረጋት። ምንም። ደግሜ ጫር አደረግኩ። "ቆንጆ፣ አትርሺ። አትርሺ እንጂ፣ እናትሽ እኮ ታች አለች" አልኳት።

ትከሻዋ ተርገፈገፈ። ረጅም አየር ሳበች፤ ተከትሎም የድመት ግልገል የመሰለ ድምፅ ወጣ፤ ጣቶቿም ደረቴ ላይ ተዘረጉ። ሲስተሯ ሮጣ ስትደርስ እኔ እያለቀስኩም እየሳቅኩም ነበር።

"አስታወሰች" አልኳት።

ያን ቀን አራት ጊዜ ረሳች፤ አራት ጊዜ አስታወስኳት። በማግስቱ ዓርብ ሁለት ጊዜ ብቻ ረሳች። ጀማል ምሳ ይዞ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ወጥቼ ሳገኘው "እንዴት ናት?" ይለኛል፤ ስለ ፀጉሯ፣ ስለ ጣቶቿ ስነግረው ሳያቋርጠኝ ይሰማል። በሁለተኛው ቀን ሳንድዊቹን እንደያዘ፣ "የእኛም ፀጉራም ነበር" አለኝ። ስለ ልጃችን እኔና ጀማል ስናወራ ያ የመጀመሪያችን ነበር። 

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ትዕግሥትን በተሽከርካሪ ወንበር አመጧት። ፊቷ አብጧል፣ ከንፈሯ ደርቋል። ደረቴ ላይ ያለችውን አየች፤ ቀና ብላ ፊቴን አየች።

"ሰዓዳ? አንቺ ነሽ የያዝሻት?"

"እኔ ነኝ።"

የምትናገረው ስለ ልጇ ይመስለኝ ነበር፤ አልነበረም።

"ለምን ሸሸሽኝ?"

መዋሸት እችል ነበር። ዩኒፎርሙ አልቆልኝ አያውቅም ነበር። "ሆድሽን ባየሁ ቁጥር የእኔ ልጅ ይመጣብኛል" አልኳት። "ደስታሽን አልጠላሁም፣ ወላሂ። አጠገቡ መቆም ነው ያቃተኝ። ይቅር በዪኝ።"

"ብትነግሪኝ ኖሮ" አለችኝ እንባዋ እየወረደ፣ "አብሬሽ አለቅስ ነበር እንጂ አልቀየምሽም።"

ማሰሪያውን ፈታሁና ልጇን ደረቷ ላይ አስተኛሁላት። አያያዙን አሳየኋት። "መተንፈስ ትረሳለች፤ እግሯን ነካ አድርጊያት" አልኳት። ጋውኔ ውስጥ ብርድ ገባኝ፤ ባዶ ግን አልሆንኩም።

ሕፃኗ ከሦስት ሳምንት በኋላ ቤቷ ገባች፤ ያን ጊዜ ነው ብርድ ልብሱን የለበሰችው። ዛሬ ዓይኗ ዕረፍት የማያውቅ የአራት ዓመት ልጅ ናት። ከዚያ ሁሉ ላባ ይልቅ የምትወደው ያቺን የጋሼ ኑሩን ሰማያዊ መጣፊያ ነው፤ አውራ ጣቷን እያሸችባት ትተኛለች። ወንበሬንም ወደ ቀድሞ ቦታው መልሻለሁ።

"አንቺስ ከዚያ በኋላ ወለድሽ?" ትሉኝ ይሆናል። ገና ነው፤ አላህ ያውቃል። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ጋሼ ኑሩና ጀማል ወስደው የልጃችንን መቃብር አሳዩኝ፤ ስም አወጣንለት። አራስም እጠይቃለሁ፤ ገንፎዬን ራሴ ይዤ። ከአራስ ቤት ይልቅ ግን ፈጽሞ የማልቀረው ሰው ከማይሄድበት ቤት ነው፤ ሴት ወልዳ ባዶ እጇን ከተመለሰችበት።

እናንተም አጠገባችሁ እንዲህ ያለች ሴት አትጠፋም። ሥራ በዝቶብኛል እያለች የምትርቃችሁ፣ ለልጃችሁ ልደት የማትመጣ። ክፉ አትበሏት። "ሌላ ይሰጥሻል"ም አትበሏት። ሄዳችሁ አጠገቧ ተቀመጡና ስለ ልጇ ጠይቋት።

ባለፈው ወር ጎጃም በረንዳ አካባቢ በርበሬ የምታዘጋጅ አንዲት ሴት ቤት ሄድኩ። ከወለደች አርባ ቀን አልሞላትም፤ ልጇ አንድ ሳምንት ነበር የኖረችው። ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። መጽናናት ይስጥሽ ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ብዙ ቆይቼ፣ "ማንን ትመስል ነበር?" አልኳት።

ቀስ ብላ ዞረች። መጀመሪያ አላመነችኝም መሰለኝ። ከዚያ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ቁጭ አለችና፣ "እናቴን" አለች። "ጉንጯ ላይ ስርጉድ ነበራት። ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።"